እንዶድን ለዓለም ሳይንስ ያስተዋወቁት ዶክተር አክሊሉ ለማ

በአዲስ አበባ ዙሪያ የሚገኙትና ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር የተጠቃለሉት ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2 ሺህ 300 ሜትር በሚበልጥ ደጋ ላይ የተቆረቆሩ ናቸው። እንዶድ የሚስማማው እንዲህ ያለው አየር ነው። በአጥርና በቁጥቋጦ ላይ እየተንጠላጠለ የሚያድገው ይህ ተክል በኦሮምኛ አንዶዴ፣ በትግርኛ ሽብቲ እየተባለ ይጠራል። የፋብሪካ ሳሙና በየሱቁ ከመዳረሱ በፊት ጋቢና ነጠላ የሚነጣው በእንዶድ ነበር። ፍሬው በዘለላው ተለቅሞ ይደርቃል፤ ይወቀጣል፤ ዱቄቱ በውሃ ተለውሶ ጥቂት ከቆየ በኋላ በልብሱ ላይ ሲታሽ ነጭ አረፋ ያወጣል። ይህን ሥራ ያላየ የደጋ ተወላጅ ጥቂት ነው።

በዚህ አረፋ ውስጥ አንድን ገዳይ በሽታ ከምንጩ ሊያደርቅ የሚችል ንጥረ ነገር መኖሩን ለዓለም ያሳዩት ኢትዮጵያዊው የጥገኛ ተውሳኮች ተመራማሪ ዶክተር አክሊሉ ለማ ናቸው። የእርሳቸው ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው ከግኝቱ ቀን ጋር ብቻ ተያይዞ ነው። ግኝቱ ግን የአንድ ቀን ነበር። ከዚያ በኋላ የመጡት ሠላሳ ሁለት ዓመታት አንድን የተረጋገጠ ዕውቀት ወደ ሕዝብ አገልግሎት ለመለወጥ የተደረገ ረጅም ትግል ናቸው።

ዶክተር አክሊሉ የተወለዱት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መስከረም 18 ቀን 1935 ነው። በአሜሪካ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ትምህርታቸውን አጠናቅቀው ወደ አገራቸው ሲመለሱ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ መጨረሻ ላይ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1964 ወደ ሰሜን ኢትዮጵያ፣ ወደ አድዋ ከተማ ያቀኑት የቢልሃርዚያን ሥርጭት ለማጥናት ነበር።

ቢልሃርዚያ ውሃን ተከትሎ የሚሄድ በሽታ ነው። በታማሚው ሰገራ ወይም ሽንት የሚወጣው የትሉ ዕንቁላል ውሃ ውስጥ ሲገባ ይፈለፈልና እጭ ይሆናል፤ እጩ በጣፋጭ ውሃ ውስጥ የሚኖር አንድ ዓይነት ቀንድ አውጣ ካላገኘ ይሞታል። ካገኘ ግን በቀንድ አውጣው ሰውነት ውስጥ በብዙ እጥፍ ተባዝቶ ይወጣና ለመዋኘት፣ ልብስ ለማጠብ ወይም በመስኖ ለመሥራት ውሃ ውስጥ የገባን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። ከዚያ በኋላ በደም ሥር ውስጥ ለዓመታት እየኖረ ጉበትን፣ አንጀትን ወይም የሽንት ፊኛን ይጎዳል። የዚህ ዑደት ደካማ ቀለበት ቀንድ አውጣው ነው። እርሱ ከሌለ በሽታው ከሰው ወደ ሰው የሚሻገርበት ድልድይ የለውም።

ዶክተር አክሊሉ በአድዋ ወንዝ ዳር ቀንድ አውጣ ሲሰበስቡ ሴቶች ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት ተመለከቱ። ከማጠቢያው በላይ ባለው ውሃ ግን ቀንድ አውጣዎቹ በሕይወት ነበሩ። በርካታ ሰዎች ቢያዩት ምናልባት በፋብሪካ ሳሙና ወይም በቆሻሻ አሳብበው ያልፉት ነበር። እርሳቸው ግን ሕያው ቀንድ አውጣዎችን በባልዲ ሰብስበው ከልብስ አጣቢዎቹ አንዷ የእንዶዷን አረፋ እንድትጨምርበት ጠየቁ። ቀንድ አውጣዎቹ ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ። የግኝቱ የመጀመሪያ ዘገባ በቀጣዩ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1965፣ በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ላይ ወጣ።

በ1966 ደግሞ በዚያን ጊዜ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ይባል በነበረው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን መሠረቱ። የምርምር ተቋም መመሥረት በራሱ ለአንድ ወጣት ሳይንቲስት ከባድ ሥራ ነው። ዶክተር አክሊሉ ግን አንድ ግኝት ያለ ተቋም እንደማይዘልቅ ከመጀመሪያው የተረዱ ይመስላል። ኢንስቲትዩቱ እንዶድን ብቻ ሳይሆን የአገሪቱን ዋና ዋና ተላላፊ በሽታዎች የሚያጠና ሆኖ ነበር የተደራጀው።

እዚህ ላይ የተክሉንና የበሽታውን መልክዓ ምድር ማስተዋል ይገባል። የሰበታና የቡራዩ ወንዞች ወደ አዋሽ ይፈስሳሉ፤ የሱሉልታ ሜዳ ውሃ በሙገር በኩል ወደ ዓባይ ይወርዳል። በእነዚህ ከፍታዎች ላይ የውሃው ቅዝቃዜ ለቢልሃርዚያ ሥርጭት አይመችም። ወንዙ ወደ ሞቃታማው ዝቅተኛ ሥፍራ ወርዶ መስኖ ሲጀመር ግን ነገሩ ይለወጣል። በአዋሽ ተፋሰስ የወንጂ የስኳር እርሻ በሽታው ከታየባቸው ሥፍራዎች አንዱ ነበር። ዶክተር አክሊሉ እ.ኤ.አ. በ1969 ባሳተሙት ጥናት የአዋሽ ሸለቆን የቢልሃርዚያ ሁኔታና የመስኖ ልማቱ ሲስፋፋ በሽታው በኢኮኖሚና በሕዝብ ጤና ላይ ሊያስከትለው የሚችለውን ጉዳት አመልክተዋል። እንዶዱ የሚበቅለው በወንዙ ራስጌ፣ በሽታው የሚስፋፋው በግርጌው መሆኑ ነው። በሰበታ አጥር ላይ የሚንጠላጠለው ፍሬ ለሰበታ ነዋሪ ማጠቢያ ነው፤ ከታች ላለው የእርሻ ሠራተኛ ግን ሕይወት ሊሆን ይችል ነበር።

የሚቀጥለው ጥያቄ በፍሬው ውስጥ ያለው ገዳይ ንጥረ ነገር ምንድን ነው የሚለው ነበር። መልሱ የሚገኘው ስለ ካርቦን ውህዶች በሚያጠናው የኬሚስትሪ ዘርፍ፣ በኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ነው።

ካርቦን ከሌሎች ንጥረ ነገሮች የሚለየው አራት የመያያዣ እጆች ያሉት በመሆኑና ከራሱ ዓይነት ጋር በሰንሰለትና በቀለበት እየተያያዘ መሄድ በመቻሉ ነው። ስኳር፣ ቅባት፣ አልኮል፣ ሳሙና፣ መድኃኒት ሁሉም የካርቦን ውህዶች ናቸው። ልዩነታቸው የሚመጣው ስንት ካርቦን እንዳላቸው፣ እንዴት እንደተያያዙና ኦክስጅንና ሃይድሮጅን በየትኛው ቦታ እንደተቀመጡ ነው። ቀድሞ ሳይንቲስቶች እንዲህ ያሉ ውህዶች በሕይወት ካለ ነገር በቀር ከሌላ አይገኙም ብለው ያምኑ ነበር። ጀርመናዊው ኬሚስት ፍሪድሪሽ ቮለር እ.ኤ.አ. በ1828 በሽንት ውስጥ የሚገኘውን ዩሪያን ሕይወት ከሌለው ጨው በቤተ ሙከራ ሠርቶ ካሳየ በኋላ ግን እምነቱ መናድ ጀመረ። በተክል ውስጥ የተሠራ ውህድና በፋብሪካ የተሠራ ውህድ በአንድ ሕግ እንደሚተዳደሩ ከዚያ ወዲህ ታውቋል። ይህ ነጥብ በእንዶድ ታሪክ ውስጥ ዝቅ ብሎ እንደሚታየው ዋጋ አለው።

ተራው ሳሙና የሚሠራው ቅባት ወይም ዘይት ከካስቲክ ሶዳ ጋር ሲፈላ ነው። ቅባት ማለት ግሊሰሪን ከሦስት የቅባት አሲዶች ጋር ኤስተር በሚባል ማያያዣ የተጣመረበት ውህድ ነው። ኤስተር አሲድና አልኮል ውሃ ጥለው ሲያያዙ የሚፈጠር ሲሆን፣ ሲፈርስም ወደ አሲድና ወደ አልኮል ይመለሳል። ካስቲክ ሶዳው ይህን ማያያዣ ያፈርሰዋል፤ ግሊሰሪኑ ለብቻው ይቀራል፤ የቅባቱ አሲድ ከሶዲየም ጋር ተጣምሮ ሳሙና ይሆናል። የሳሙናው ሞለኪውል አንደኛው ጫፍ ውሃ ወዳድ፣ ሌላኛው ጫፍ ቅባት ወዳድ ነው። ልብስ ላይ ያለውን ቅባት ይዞ ወደ ውሃው የሚያወርደውም በዚህ ባሕርይው ነው።

የእንዶድ ማጽጃ ሳፖኒን ይባላል። እርሱም ሁለት ጠባይ አለው፤ ነገር ግን አሠራሩ ከሳሙና ይለያል። ቅባት ወዳዱ ክፍል ኦሊያኖሊክ አሲድ ሲሆን፣ ሠላሳ ካርቦኖች በአምስት ቀለበቶች ተሳስረው የሚገኙበት ነው። ስሙ የወጣለት ከወይራ ነው፤ በወይራ ቅጠል ውስጥም ይገኛልና። ውሃ ወዳዱ ክፍል ደግሞ እንደ ግሉኮስና ጋላክቶስ ያሉ ስኳሮች ሰንሰለት ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በካሊፎርኒያ በሚገኘው የስታንፎርድ የምርምር ተቋም ኬሚስቶች ከእንዶድ ፍሬ ውስጥ ገዳዩን ሳፖኒን ለይተው አወቃቀሩን ካጠኑ በኋላ በተመራማሪው ስም ለማቶክሲን ብለው ሰየሙት። ምዕራባውያን የአባትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ስለሚቆጥሩት ሞለኪውሉ የሚጠራው በልጁ ሳይሆን በአባትየው በአቶ ለማ ስም ሆኖ ቀርቷል።

ንጥረ ነገሩን ከፍሬው አጣርቶ የማውጣቱም ሥራ የራሱ ኬሚስትሪ አለው። በሰበታ የሚገኘው የአልኮል ፋብሪካ ከስኳር ተረፈ ምርት፣ ከሞላሰስ፣ ሲያመርተው የኖረው አልኮል ኤታኖል ይባላል፤ ሁለት ካርቦን አለው። ኤታኖል ከውሃ ጋር ፈጽሞ ይደባለቃል። አራት ካርቦን ያለው ቡታኖል ግን የካርቦን ሰንሰለቱ ስለረዘመ ከውሃ ጋር ሙሉ በሙሉ አይዋሃድም፤ ቀለል ስለሚልም ከላይ ይንሳፈፋል። የእንዶድ ጭማቂ ከቡታኖል ጋር ሲናጥ ሳፖኒኑ ውሃውን ትቶ ወደ ቡታኖሉ ይሻገራል፤ ሌላው ተራ ስኳርና ቆሻሻ ከታች ይቀራል። ዶክተር አክሊሉና የሥራ ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1972 ባወጡት ጥናት በዚህ ዘዴ የተገኘው ዝቃጭ ከጥሬው ዱቄት ይልቅ እጅግ ኃይለኛ መሆኑን አሳይተዋል።

ከሁሉም የሚያስደንቀው ግን ዘግየት ብሎ፣ በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ በስዊዘርላንድ ኬሚስቶች ምርምር የተገለጠው ነው። ባልተነካው ፍሬ ውስጥ የሚገኙት ሳፖኒኖች በአብዛኛው በሁለቱም ጎናቸው ስኳር የተሸከሙ ናቸው። አንደኛው የስኳር ሰንሰለት በሦስተኛው ካርቦን ላይ፣ ሌላኛው በሃያ ስምንተኛው ካርቦን ላይ በኤስተር ተያይዟል። በዚህ መልክ እያሉ ቀንድ አውጣን አይገድሉም። ፍሬው ተፈጭቶ በውሃ ሲለወስ ግን በፍሬው ውስጥ ያለ ኢንዛይም ሥራ ይጀምርና የሃያ ስምንተኛውን ካርቦን ኤስተር ያፈርሰዋል፤ የአንደኛው ጎን ስኳር ይወድቃል፤ የቀረው ሞለኪውል ገዳይ ይሆናል። ፍሬው በውሃ ፋንታ በሜታኖል አልኮል ቢዘፈዘፍ ኢንዛይሙ ስለማይሠራ የሚገኘው ጭማቂ ይህ ኃይል የለውም።

ይህ ማለት የሰበታ፣ የሱሉልታም ሆነ የአድዋ ሴቶች እንዶድን ወቅጠው በውሃ ለውሰው ጥቂት ማቆየታቸው ልማድ ብቻ አልነበረም። ሳሙና ሠሪው በእሳትና በካስቲክ ሶዳ የሚያፈርሰውን ዓይነት ማያያዣ እነርሱ በቀዝቃዛ ውሃና በተክሉ በራሱ ኢንዛይም ያፈርሱት ነበር። ዘመናዊ ቤተ ሙከራ ያላቸው ሰዎች የተሻለ ያሉትን ማሟሚያ ተጠቅመው ኃይል የሌለው ጭማቂ ሊያገኙ በሚችሉበት ሥራ ላይ፣ ትክክለኛው ማሟሚያ ውሃ መሆኑን የልብስ አጣቢዋ ሙቀጫ አስቀድሞ ያውቅ ነበር ማለት ነው። ዶክተር አክሊሉም በሕይወት ዘመናቸው ሁሉ የግኝቱን መነሻ ከእነዚያ ሴቶች ነጥለው አልተረኩም።

ገዳይነቱ የሚመጣው ሳፖኒኑ የሕዋስን ሽፋን ስለሚያዛባ ነው። በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ ጥቂት ሚሊግራም የተጣራ ሳፖኒን ከተጨመረ ቀንድ አውጣው በአንድ ቀን ጊዜ ውስጥ ይሞታል። ከዚያ በኋላ ንጥረ ነገሩ በቀናት ውስጥ በተፈጥሮ ፈራርሶ ከውሃው ይጠፋል። ይህ ፈጥኖ መፈራረስ ጥቅምም ጉዳትም አለው። ውሃውን ለረጅም ጊዜ አይበክልም፤ በሌላ በኩል የቀንድ አውጣውን ዕንቁላል ስለማይገድል ርጭቱ በየጊዜው መደጋገም አለበት።

በቤተ ሙከራ የታየው በሜዳ ላይ ይሠራ እንደሆነ ለማወቅ እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ ለአምስት ዓመታት በአድዋ ሰፊ ሙከራ ተካሄደ። በአካባቢው የተሰበሰበ እንዶድ ተፈጭቶ በከተማዋ ወንዞች ላይ በተወሰነ ጊዜ ይረጭ ነበር። ውጤቱ በዓለም አቀፍ መጽሔቶች ወጥቷል። በሙከራው መጀመሪያ ከተመረመረው ሕዝብ 63 በመቶ የሚሆነው የአንጀት ቢልሃርዚያ ነበረበት፤ በመጨረሻው ወደ 34 በመቶ ወረደ። አዋቂዎች ቀድሞ የያዛቸውን ትል ይዘው ስለሚቆዩ የመከላከሉ ሥራ ውጤት በይበልጥ የሚታየው በሕፃናት ላይ ነው። ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ዕድሜ ባላቸው ሕፃናት ዘንድ የበሽታው መጠን ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ዝቅ ብሏል። እነዚህ ሕፃናት አብዛኞቹ የተወለዱት ሙከራው ከተጀመረ በኋላ ነበርና ቁጥሩ ብዙ ይናገራል።

እንዲህ ያለ ውጤት የተገኘበት ዘዴ በቀጥታ ወደ ሌሎች አካባቢዎች ይስፋፋል ተብሎ ቢጠበቅ አያስገርምም ነበር። የሆነው ግን ሌላ ነው። በዚያን ጊዜ በዓለም ጤና ድርጅት የሚመከረው ቀንድ አውጣ ገዳይ ኒክሎዛማይድ የተባለው ኬሚካል ሲሆን፣ የጀርመኑ ባየር ኩባንያ ባይሉሳይድ በሚል የንግድ ስም ያመርተው ነበር። ይህን ኬሚካል ለመግዛት የውጭ ምንዛሪ ያስፈልጋል። ኒክሎዛማይድም እንደ እንዶዱ ሳፖኒን የካርቦን ውህድ ነው፤ አንደኛው በፋብሪካ ምድጃ፣ ሁለተኛው በደጋ ሐረግ ላይ መሠራታቸው ነው ልዩነቱ። ሆኖም የፋብሪካው ምርት የተሟላ የመርዛማነት ጥናት ሰነድ ነበረው፤ እንዶድ አልነበረውም። ለእንዶድ የሚጠየቀው ጥናት በታወቁ ቤተ ሙከራዎች፣ በዓለም አቀፍ ደረጃ በተደነገገው ሥርዓት መሠረት መከናወን ነበረበት። ያን የሚያሟላ ቤተ ሙከራ በአፍሪካ ማግኘት አስቸጋሪ ነበር፤ በውጭ አገር ለማሠራት ደግሞ ገንዘብ ያሻል፤ የባለቤትነት ጥቅም በማያስገኝ የዱር ተክል ላይ ገንዘቡን የሚያፈስ ኩባንያ አልተገኘም።

የመርዛማነት ጥናት መጠየቁ በራሱ ስህተት ነው ማለት አይቻልም። ሕዝብ የሚጠጣው ውሃ ላይ የሚረጭ ነገር ተጣርቶ መታወቅ አለበት። ችግሩ የነበረው ጥያቄው ለማን ይቀርባል፣ ወጪውንስ ማን ይሸፍናል የሚለው ለዓመታት ያለ መልስ መንከባለሉ ላይ ነው። ዶክተር አክሊሉ ከመሣሪያና ከገንዘብ እጥረት በላይ የከበዳቸው በአፍሪካ ውስጥ በአፍሪካውያን የተሠራ ሳይንስ በሙሉ ልብ አለመታመኑ እንደነበረ በተለያዩ መድረኮች አስረድተዋል።

በዚህ መሐል ሥራውን ከአገር ውስጥ የደገፉት የዕፅዋት ተመራማሪው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ነበሩ። ከልዩ ልዩ የኢትዮጵያ አካባቢዎች የተሰበሰቡ የእንዶድ ዓይነቶችን እያለሙ ምርታቸውን፣ ተባይ የመቋቋም ችሎታቸውንና ቀንድ አውጣ የመግደል ኃይላቸውን አወዳደሩ። በዚህ ሥራ ተለይቶ የወጣው ዓይነት 44 በኋላ በሌሎች የአፍሪካ አገሮችም ለሙከራ ተተክሏል። ከዱር የሚለቀም ፍሬ እንደ ቦታው ኃይሉ ስለሚለያይ፣ ያለ ዶክተር ለገሠ ሥራ እንዶድን በመጠንና በልክ መጠቀም የሚቻል አልነበረም። ስማቸው ከዶክተር አክሊሉ ስም ያነሰ መታወቁ ፍትሐዊ አይመስልም።

ዶክተር አክሊሉ በ1970ዎቹ አጋማሽ ኢንስቲትዩቱን ለቀው ወደ ተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ተዛወሩ። በዚያም በሳይንስና ቴክኖሎጂ ለልማት ዘርፍ ሠሩ፤ ኋላም በጣሊያን ፍሎረንስ በሚገኘው የዩኒሴፍ የሕፃናት ልማት ማዕከል በምክትል ዳይሬክተርነት አገለገሉ። የቢሮ ሥራቸው ስለ እንዶድ አላስረሳቸውም። እ.ኤ.አ. በ1983 በዛምቢያ ሉሳካ፣ በ1986 ደግሞ በአሁኑ ስሟ ኢስዋቲኒ በምትባለው በስዋዚላንድ ምባባኔ ስለ እንዶድ ዓለም አቀፍ ዐውደ ጥናቶች እንዲካሄዱ አድርገዋል። ከምባባኔው ጉባኤ አዘጋጆች አንዷ የስዋዚላንዷ ኬሚስት ፕሮፌሰር ሊዲያ ማክሁቡ ነበሩ። እንዶድ የኢትዮጵያ ጉዳይ ብቻ መሆኑ ቀርቶ የአፍሪካ ተመራማሪዎች የጋራ አጀንዳ የሆነው በእነዚህ መድረኮች ነው።

እ.ኤ.አ. በ1989 ዶክተር አክሊሉና ዶክተር ለገሠ አማራጭ ኖቤል እየተባለ የሚታወቀውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት በስቶክሆልም በጋራ ተቀበሉ። ለረጅም ጊዜ ሲጠየቅ የነበረው የመርዛማነት ጥናትም በካናዳ የዓለም አቀፍ ልማት ምርምር ማዕከል ድጋፍ ተከናውኖ ውጤቱ በ1991 ታተመ። ዱቄቱ ዓይንን ክፉኛ ስለሚቆጠቁጥ ጥንቃቄ የሚፈልግ ከመሆኑ በስተቀር በሚረጭበት መጠን ለሰውና ለከብት ጉዳት የሚያደርስ ሆኖ አልተገኘም። ግኝቱ ከተመዘገበ ሃያ ስድስት ዓመት አልፎ ነበር።

ዓሣን በተመለከተ ግን እንዶድ ምሕረት የለውም። ሳፖኒን በስንፋጭ የሚተነፍሱ ፍጥረታትን ሁሉ ስለሚጎዳ ቀንድ አውጣን የሚገድለው መጠን ዓሣንም ይገድላል። የአገሪቱ የዓሣ ምርምር ማዕከል በሚገኝበት በሰበታ ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። አንድ ኩሬ በእንዶድ ታክሞ ንጥረ ነገሩ ከመፈራረሱ በፊት ዓሣ ቢለቀቅበት ጥፋት ይሆናል። ኒክሎዛማይድም ቢሆን ከዚህ ነቀፋ አያመልጥም፤ እርሱም ዓሣ ገዳይ ነው። ስለዚህ ርጭቱ ሰው ከውሃ ጋር በሚገናኝባቸው ውስን ሥፍራዎች ላይ እንዲያተኩር ማድረግ የሁለቱም አጠቃቀም ሥርዓት ነው።

የዶክተር አክሊሉ የመጨረሻ ዓመታት ሌላ ያልተጠበቀ ምዕራፍ ነበራቸው። በ1980ዎቹ መጨረሻ ዜብራ መስል የተባለ ባለ ቅርፊት የውሃ ፍጥረት በመርከቦች ተጭኖ ወደ ሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች ገብቶ የከተሞችንና የፋብሪካዎችን የውሃ ቧንቧ መድፈን ጀምሮ ነበር። እርሳቸው እ.ኤ.አ. በ1990 በኦሃዮ ግዛት የሚገኘውን የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲን በጎበኙበት ወቅት እንዶድ በዚህ ፍጥረት ላይም እንደሚሠራ በሙከራ ታየ። ዩኒቨርሲቲው በ1990ዎቹ መጀመሪያ ለዚሁ አጠቃቀም በአሜሪካ የፈጠራ ባለቤትነት መብት አስመዘገበ። ነገሩ በብዙ አገሮች መነጋገሪያ ሆነ። እንዶድ ማጠቢያም ገዳይም መሆኑን በተግባር ያሳዩት፣ በሺህ የሚቆጠሩ ዓመታት ባይባል እንኳ በብዙ ትውልድ ያቆዩት ሰዎች በወረቀቱ ላይ ቦታ አልነበራቸውም። ኢትዮጵያ የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አጠቃቀምንና የማኅበረሰብ መብትን የሚደነግገውን አዋጅ ቁጥር 482 ያወጣችው በ1998 ዓ.ም. ነው። በዚህ አዋጅ መሠረት የውጭ ተመራማሪ የአገሪቱን የዕፅዋት ሀብት ለመጠቀም አስቀድሞ ፈቃድ ማግኘት አለበት፤ ከጥቅሙም ማኅበረሰቡ ድርሻ አለው። አዋጁ ሲወጣ ዶክተር አክሊሉ በሕይወት አልነበሩም።

ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 5 ቀን 1997 በአሜሪካ ባልቲሞር ከተማ በስልሳ አንድ ዓመታቸው ዐረፉ። የመሠረቱት ተቋም ዛሬ አክሊሉ ለማ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ተብሎ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ምርምሩን ቀጥሏል። ቢልሃርዚያን ለመከላከል በኢትዮጵያ በትምህርት ቤቶች በስፋት የሚታደለው ፕራዚኳንቴል የተባለው መድኃኒት በሰውነት ውስጥ ያለውን ትል ይገድላል፤ ሕፃኑ በማግሥቱ ወደዚያው ወንዝ ሲገባ ዳግመኛ እንዳይያዝ ግን አያደርግም። ቀንድ አውጣውን የመቆጣጠር ሥራ ከመድኃኒቱ ጎን ለጎን እንዲሄድ የዓለም ጤና ድርጅት አሁንም ይመክራል፤ ለዚህ የሚመከረው ኬሚካልም ዛሬ ድረስ ኒክሎዛማይድ ነው። እንዶድ በሱሉልታ አጥሮች ላይ ይበቅላል፤ ነጠላም ይታጠብበታል።